በ36 ዓመቴ እንደገና ተማሪ ሆንኩ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥታ አለቀሰች። ገና መመረቋ ነው። የደረሳት ዲፓርትመንት ከመጀመሪያውም ምርጫዋ አልነበረም፤ ዓመታት ተምራውም አልወደደችውም። «አክስቴ፣ የእኔ ነገር በቃ አለቀ» አለችኝ። ዕድሜዋ 23 ነው። ያን ምሽት ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

እኔ አሁን የምሠራውን የሒሳብ ሥራ የያዝኩት በ42 ዓመቴ ነው።

በ1984 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ደብረ ብርሃን አካባቢ አንደኛ ደረጃ ማስተማር ጀመርኩ። 22 ዓመት አስተማርኩ። ማስተማሩን ጠልቼው አይደለም። ግን ልቤ ያለው ቁጥር ላይ ነበር። የመምህራኑን ቁጠባ ሒሳብ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ አንዲት ብር ከጎደለች እስካገኛት ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም። በ2000 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤቴን ከሳጥን አውጥቼ አካውንቲንግ በርቀት ተመዘገብኩ። ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ሥራ ለቅቆ ቀን መማር የሚታሰብ አልነበረም። ክፍያውን የሸፈንኩት በእቁብ ነው።

ርቀት ትምህርት ቀላል ነው የሚላችሁን አትመኑ። ሞጁል ይሰጣችኋል፣ አሳይመንት ይሰጣችኋል፣ አልፎ አልፎ ቅዳሜና እሁድ ቱቶሪያል አለ፣ መጨረሻ ላይ ማዕከሉ ሄዳችሁ ትፈተናላችሁ። ቀሪው ከራሳችሁ ጋር ነው። መምህር የለም፣ ደወል የለም፣ «ለምን ቀረሽ?» የሚል የለም።

እኔ ማታ ለማጥናት ሞክሬ አልሆነልኝም። ልጆች ይተኛሉ፣ እኔም አብሬ እተኛለሁ። ስለዚህ ሰዓቴን ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት አዞርኩት። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጋቢ ተከናንቤ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ እስከ 12 ሰዓት አነባለሁ። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰዓት። ባለቤቴ ያን ጊዜ ያደረገልኝን አልረሳም፤ ቁርሱን እሱ ይሠራ ነበር።

ኮስት አካውንቲንግ የሚባል የወጪ ሒሳብ ኮርስ ላይ ኤፍ አገኘሁ። እኔ ስንቱን ልጅ «በርታ» ያልኩ መምህርት፣ ውጤቱ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆሜ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ደግሜ ወሰድኩትና አለፍኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የተፈተንኩት የአንድ ኮርስ ውጤት ጠፍቶ ኤንጂ፣ ማለትም «ውጤት የለም» ተባለብኝ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ሄድኩ። ያዳነኝ የያዝኩት ወረቀት ነው። የክፍያ ደረሰኝ፣ የፈተና መግቢያ፣ ያስገባሁት አሳይመንት ፎቶ ኮፒ፣ ሁሉም በአንድ ክላሰር ነበር። እባካችሁ ወረቀት አትጣሉ። በነሐሴ 2002 ደግሞ የርቀት ትምህርት እንዲቆም መወሰኑን በሬዲዮ ሰማሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ነበርኩ። ያን ሳምንት ሞጁሉን መክፈት አቃተኝ። በኋላ እገዳው ተነሣ፤ እኔም ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓቴ ተመለስኩ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። ሥራ ያስቀየረኝ ዲግሪው ብቻውን አይደለም። ገና ተማሪ ሳለሁ ሥራውን በእጄ መንካቴ ነው።

ትምህርት ቤት በክረምት ይዘጋል። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋና ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነጋዴው ሁሉ ለግብር ይሯሯጣል። የእኔ እረፍትና የሒሳብ ሰዎች ጭንቅ አንድ ወቅት ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ደረጃ «ለ»፣ ማለትም መካከለኛ ግብር ከፋይ የሆነ ባለ ግሮሰሪ ነበር። ግብሩን እስከ ጳጉሜ 5 ድረስ ማሳወቅ ነበረበት፤ ደረሰኞቹ ግን በፌስታል ውስጥ ተጠቅጥቀዋል። «ያለ ክፍያ ልሥራልህ» አልኩት። ገቢውን በአንድ ዓምድ፣ ወጪውን በሌላ ዓምድ አስገባሁ። ሞጁሉ ላይ ሦስት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝ ነገር እዚያ ገባኝ። የተቀደደ ደረሰኝ ምን እንደሚያስከትል፣ የቤቱ አስቤዛ ከሱቁ ወጪ ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚፈጠር መጽሐፍ በደንብ አይነግራችሁም። በቀጣዩ ክረምት ሦስት ሱቆች ሆኑ፤ መጠነኛ ክፍያም ጀመሩልኝ። ስመረቅ የሥራ ልምድ ተጠየቅኩ። የምለው ነበረኝ።

ስለዚህ አሳይመንታችሁን በገንዘብ አታሠሩ። ይህን ስል ከልቤ ነው። አብረውኝ ከጀመሩት ውስጥ እንደዚያ ያደረጉ ነበሩ፤ ዲግሪውን ይዘው አንድ ባላንስ ሺት፣ ማለትም የሀብትና የዕዳ መግለጫ፣ መዝጋት አቃታቸው። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ጠብቋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በመደበኛም በርቀትም የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ከመቶ 50 ማምጣት ግዴታ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊትም ተቋሙ ዕውቅና አለው ወይ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት መስኩ፣ በካምፓሱና በአሰጣጡ ነው። በመደበኛ የተፈቀደለት በርቀት ላይፈቀድለት ይችላል። ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቁ።

በ2006 ዓ.ም. ተመርቄ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ጀማሪ አካውንታንት ሆኜ ገባሁ። ደመወዜ ከመምህርነቱ አነሰ። ይህን አስቀድመን ስላወቅን ለአንድ ዓመት የሚሆን መጠባበቂያ ይዘን ነበር። አለቃዬ ያኔ የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ስሳሳት ሰው ፊት ያርመኝ ነበር። በአርባ ዓመት ጀማሪ መሆን ከፈተናውም ከሌሊቱም ይከብዳል። አንዳንድ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ። ግን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ሲዘጋ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አለቃዬ ሪፖርቱን አነበበ። አዳራሹ ዝም አለ። አንድ አዛውንት ተነሡና «ልጄ፣ የደከምንበት የት ገባ? አልገባንም» አሉ። አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። ሰሌዳና ጠመኔ እንዲመጣ ጠየቅሁ። «መቶ ብር አተረፍን እንበል» ብዬ ጀመርኩ። ሠላሳው ለመጠባበቂያ ሲቀመጥ፣ የቀረው ለአባላት ሲከፋፈል፣ ልክ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች እንደምሥለው በክብ ሣልኩላቸው። አዛውንቱ እስከ ሰሌዳው ድረስ መጥተው ሠላሳዋን በጣታቸው ነኩ። «ይቺ ናት የምትቀመጠው?» አሉ። «አዎ አባባ፣ ይቺ ናት» አልኳቸው።

ከዚያ ጀምሮ የጉባኤውን ሪፖርት የማቀርበው እኔ ነኝ።