ኢሜይሉን እንዝጋ ወይስ ፎረሙን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልህ ከደሴ ነው። እኔና ጓደኞቼ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት) እና ሊብሬ ኦፊስ (የቢሮ ሥራ ፕሮግራም) ለሚጠቀሙ የወሎ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች በነፃ እገዛ እንሰጣለን። መጀመሪያ የኢሜይል ግሩፕ ነበረን፤ በኋላ ልጆቹ ፎረም፣ ማለትም ጥያቄና መልስ የሚለጠፍበት ድረ ገጽ፣ ከፈቱ። አሁን ጠያቂው ፎረም ላይ፣ መልሱን የሚያውቀው ኢሜይል ላይ ሆነና ተለያየን። አንዱን እንዝጋ ብለን ተጨቃጨቅን። ምን ትላለህ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። አንዱንም አትዝጉ። ለየብቻ ማስኬዱን ግን ዛሬውኑ አቁሙ።

ኢሜይሉን ከዘጋችሁ መልስ ሰጪዎቹን ታጣላችሁ። የወልዲያው ባለሙያ ሥራ ላይ ውሎ፣ ማታ ፎረም ከፍቶ ምን ተጠየቀ ብሎ አይዞርም፤ ኢሜይሉ ግን ራሱ ይመጣለታል፣ ኔትወርክ ሲኖር አውርዶት ሲጠፋም አንብቦ መልሱን ይጽፋል። አዲሱ ተማሪ ደግሞ አንዲት ነገር ለመጠየቅ ብሎ የሰው ሁሉ ኢሜይል እንዲጎርፍበት አይፈልግም። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት በር ያለው አንድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲስኮርስ የሚባለው የፎረም ሶፍትዌር ይህን ይሠራል፤ ራሱም ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው። የፈለገ ሰው መልእክቱን ሁሉ በኢሜይል ይቀበላል፣ እዚያው ሪፕላይ ሲል መልሱ ፎረሙ ላይ በርዕሱ ሥር ይገባል። አዲስ ጥያቄም በኢሜይል መክፈት ይቻላል፣ አስተዳዳሪው ከፈቀደ። የሊኑክስን የዴስክቶፕ ገጽታ የሚሠራው የጂኖም (GNOME) ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2022 የኢሜይል ግሩፖቹን ትቶ ወደዚሁ ነው የተሻገረው። የለም፣ ዋናው ኢሜይሉ ይሁን ካላችሁ ሜይልማን 3 የሚባል የኢሜይል ግሩፕ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አለ፤ እሱም ከድረ ገጽ ማንበብና መጻፍ ያስችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፎረም ላይ የተጻፈ ይታረማል፣ በኢሜይል የሄደው ግን ሄደ። ተርሚናል (ኮምፒውተሩ በጽሑፍ የሚታዘዝበት መስኮት) ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ተሳስታችሁ ልካችሁ ፎረሙ ላይ ብቻ ብታርሙት፣ ኢሜይል የደረሰው ልጅ ስህተቱን ገልብጦ ፋይሉን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ እርማቱን እንደ አዲስ መልስ ላኩት፣ ሁሌም። አባላቱም በሚጽፉበት ኢሜይል ይመዝገቡ፤ በሌላ አድራሻ የተላከ መልስ ተቀባይነት የለውም።

ቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ ለሰላምታና ለቀጠሮ ይሁን። እዚያ የተሰጠ መልስ በነጋታው ከወሬ ሥር ይቀበራል፣ ቀጣዩ ጠያቂ በጉግል ፈልጎ አያገኘውም።

ከሁሉ በፊት ግን የድሮዎቹን ኢሜይሎች ወደ አዲሱ ቦታ አስገቧቸው። የስንት ሰው ድካም ነው ያለው እዚያ ውስጥ።