ቀላልና ምቹ የተራራ ብስክሌት ኮርቻ፦ መጀመሪያ ስፋቱን ለካ

ወንድሜ፣ ጅሬን ኮረብታ ወጥተህ ስትመለስ መቀመጫህን እንደሚያምህ ጽፈህ፣ ቀለል ያለና የሚመች ኮርቻ የቱ እንደሆነ ጠይቀሃል። ሕመሙን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔም የምነዳው እዚሁ ጅማ ነው።

አደራህን፣ ወፍራምና ለስላሳውን እንዳትገዛ። ሱቅ ውስጥ በእጅህ ስትጫነው ደስ ይላል። ትንሽ ከነዳህ በኋላ ግን አጥንትህ ስፖንጁ ውስጥ ይሰምጥና መሀል ያለው ለስላሳ ሥጋ ይጨቆናል። መደንዘዙ ከዚያ ይመጣል።

ዋናው ነገር ስፋት ነው። ጠንካራ ወንበር ላይ ካርቶን አንጥፍ። ተቀመጥበት፣ ተረከዝህን ከፍ አድርግና ወደፊት ጎንበስ በል። ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች የተዉትን ጉድጓድ ከመሀል እስከ መሀል ለካ። ከዚያ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ጨምርበት። 11 ካገኘህ፣ ከ13 እስከ 14 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ፈልግ። መሀሉ ክፍት ወይም ሰርጎድ ያለ ቢሆን እኔ እመርጣለሁ።

ክብደቱን በአብዛኛው የሚለየው ከሥር ያሉት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ብረቱ ርካሽ ነው፣ ግን ይከብዳል። ታይታኒየም ቀላልም ጠንካራም ነው። ካርቦን ከሁሉም ይቀላል፤ ሆኖም ዘንጉ ብዙ ጊዜ ሞላላ ስለሆነ፣ ለ7 ሚሊሜትር ክብ ዘንግ የተሠራ የኮርቻ ማሰሪያ በትክክል አይዘውም። ለጥቂት ግራም ብለህ ምቾትህን አትሽጥ።

በእኛ ዝናብ ደግሞ የቆዳ ኮርቻ ይቅርብህ፤ ውኃ ሲጠጣ ቅርጹ ይበላሻል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን የአሁኑን ፈትሽ። አፍንጫው፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ ወደ ላይ ቀና ካለ ዳገት ላይ ያሠቃያል፤ ትንሽ ዝቅ አድርገው። ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ካለም ዳሌህ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ይፋቅሃል። ልኬቱን ስታገኝ ጻፍልኝ፣ አብረን እንመርጣለን።