«ዳዊት» አይበሉት

ከሐዋሳ የጻፉልን አባት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ከ15 ዓመት በታች ፕሮጀክት ውስጥ ይጫወታል። ከቡድኑ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። እኔ ግን ስለማምንበት ጎልያድን ይጥላል ብዬ ‹ዳዊት› እያልኩ ነው የምጠራው። ግዙፍ ተከላካይ ላይ አብዶ የሠራበትን ቪዲዮ ለዘመድ አዝማድ እልካለሁ። ባለፈው ወር ሁለት ጎል አግብቶ መጣና ቤት ገብቶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ እንዳልመጣ ከልክሎኛል፤ ማታ ማታ ቁመት ይጨምራል ብሎ ብረት ላይ ይንጠለጠላል። እናቱ ኳሱን ይተወው ትላለች። አንድ ወዳጄ ደግሞ ዕድሜውን ሁለት ዓመት ቀንሰን ከታናናሾቹ ጋር እናስመዝግበው ይለኛል። እኔንም በልጅነቴ ያስቀረኝ ቁመቴ ነው። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እኔም የቡድን ፎቶ ላይ ከፊት መስመር ከሚያቆሟቸው ሰዎች ነኝና ፍጹም ገለልተኛ ዳኛ እሆናለሁ ብዬ አልዋሽዎትም።

ደብዳቤዎን ሁለቴ ያስነበበኝ ልጁ ያለቀሰበት ቀን ነው። ተሸንፎ ቢሆን ባልገረመኝ፤ ያለቀሰው ግን ሁለት ጎል አግብቶ ነው። ግምቴን ልንገርዎት። የዚያን ዕለት ቤት ሲገባ የሰማው ወሬ ስለ ጎሎቹ አልነበረም። «በዚህ ቁመቱ!» ነው የተባለው። ሙገሳው ሁሉ በዚያ ቃል ይጀምራል፤ ስድቡም በዚያው ቃል ይጀምራል። ልዩነቱ ለእርስዎ ግልጽ ነው፣ ለ14 ዓመት ልጅ ግን አይደለም። ደግሞስ ዳዊት የተባለ ልጅ በየሳምንቱ ጎልያድ ሊመጣለት ነው። እንደ ማንኛውም ልጅ ኳስ አበላሽቶ፣ ተቀይሮ ወጥቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ተራ ቀን የለውም። አንድ ፓስ ሲሳሳት «አልነገርናችሁም?» የሚሉትን ሁሉ ትክክል ያደረገ ይመስለዋል።

ምሩጽ ይፍጠር ደቃቃ ሰው ነበር። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህ እና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አምጥቷል። ሕዝቡ የሚጠራው ግን «ማርሽ ቀያሪው» እያለ ነው፤ ስሙ ከሩጫው የወጣ እንጂ ከቁመቱ የወጣ አይደለም። የእርስዎም ልጅ የራሱ የሆነ ነገር አለው። ተከላካይ ሳይነካው በፊት እንደሚዞር ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ፤ ትከሻ ለትከሻ መጋፋት የማያዋጣው ልጅ ቀድሞ ማየትን ይማራል። ማድነቅ ካማረዎት ያንን ያድንቁ።

ስለ ሰውነቱ አጭር ነገር ልበል። ወንዶች ልጆች የሚመዘዙት ባብዛኛው 13 እና 14 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ቀድመው የሚጀምሩም ዘግይተው የሚጀምሩም አሉ። እኩያ በሚባሉ ሁለት ልጆች መካከል በአካል ብስለት የዓመታት ልዩነት ሊኖር ይችላል። በ14 ዓመቱ የጉርምስና ምልክት ጨርሶ ካላሳየ ግን የሕፃናት ሐኪም ይየው፤ የእጁን አጥንት በኤክስሬይ አይቶ ምን ያህል ዕድገት እንደሚቀረው ሊገምት ይችላል። ሜሲ በልጅነቱ መርፌ ይወጋ የነበረው ሐኪም የዕድገት ሆርሞን እጥረት እንዳለበት ስላረጋገጠ ነው። ማንም «ቁመት ይጨምራል» ብሎ የሚሸጠውን ኪኒን አይግዙ። ብረቱን ይንጠልጠልበት፣ ክንዱን ያጠነክርለታል፤ ቁመት ግን አይጨምርም።

የወዳጅዎን ምክር በተመለከተ፣ ፊፋ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜ ለማጣራት የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እንደሚመረምር ሰምተው ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ዘግይቶ የሚያድግን ልጅ ያ ምርመራ ላይይዘው ይችላል። የእኔ ፍርሃት ምርመራው አይደለም። ልጁ ወረቀቱን ሲያይ አባቱም ባለው ዕድሜ እንደማይበቃ አመነ ብሎ ያነበዋል። ሜዳ ላይ የሚገጥሙት አንዳንዶቹ ልጆች ወረቀታቸው ሁለት ዓመት የተቀነሰ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፤ ያናድዳል። ይልቅ አሰልጣኙን ያነጋግሩ። በእንግሊዝ አካዳሚዎች አልፎ አልፎ ልጆችን በዕድሜ ሳይሆን በአካል ብስለት መድበው ያጫውታሉ፤ ትንንሾቹ ኳስ ይዘው ቡድን የመምራት ዕድል ያገኛሉ። በልምምድ ላይ በሳምንት አንድ ቀን እንዲህ መከፋፈል ገንዘብ አይጠይቅም፣ ወረቀትም አያስነካም።

እናቱ ይተወው ማለቷ ከስስት ነው፤ ግን መተውም መቀጠልም የእሱ ነው። ሁለታችሁም ጠይቁት።

ከዚያ በፊት ለቪዲዮው ይቅርታ ይጠይቁት። ቀጥሎ እርስዎን ቁመትዎ ያስቀረበትን ቀን ያጫውቱት፤ ስንት ዓመትዎ ነበር፣ ማን ምን አለዎት፣ ታኬታዎን ለማን ሰጡት። «አንተ ግን…» የሚል ቃል አፍዎ ላይ ሲመጣ ዋጥ ያድርጉት። ቅዳሜ እንዲመጡ ከፈቀደልዎት ስልክዎን ኪስዎ ከተው ጥግ ይዘው ይዩ፤ በባጃጅ ስትመለሱም እሱ ካላነሳ ስለ ጨዋታው አያንሱ።