ሲምለስ ተብሎ የተሸጠ ቧንቧ ስፌት ቢገኝበት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ፤ በትእዛዝ የብስክሌት ፍሬም እሠራለሁ። «ሲምለስ ክሮሞሊ ነው»፣ ማለትም የብየዳ ስፌት የሌለው፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት ነው ተብዬ ከአንድ ነጋዴ ባለ 6 ሜትር 12 ቧንቧ ገዛሁ፤ 8ቱ ባለ 31.8፣ 4ቱ ባለ 22.2 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር፣ ውፍረታቸው 0.9። የኋላ ጎማ መያዣውን ሳጎብጥ ቧንቧው በቁመቱ ተሰነጠቀ። ሌሎቹንም ቆርጬ ሳይ ውስጣቸው ስፌት አለ። 5ቱን ቆርጫለሁ፤ ከሠራኋቸው 3 ፍሬሞች 2ቱን አስረክቤአለሁ። ነጋዴው ደረሰኙ ላይ የታተመውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳይቶ መለሰኝ። ደረሰኙ የሚለው «ቱቦላሬ 12» ብቻ ነው። ያዘዝኩት ግን ለሳይክል ፍሬም መሆኑን ገልጬ በቴሌግራም ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የገንዘቡ ጉዳይ ይቆይና መጀመሪያ ከእጅዎ የወጡትን ሁለት ፍሬሞች ያስመልሱ። ዛሬውኑ ደውለው ደንበኞችዎ እንዳይነዱባቸው ይንገሯቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085፣ ዕቃ እየሠራ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ተጎጂው የእርስዎን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ «ነጋዴው አታለለኝ» ማለትም ለእሱ መልስ አይሆንም። ጉድለቱ በልማዳዊ ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ኃላፊነት የለም የሚል ንዑስ አንቀጽ አለ፤ ቀለም በተቀባ ፍሬም ውስጥ ያለን ስፌት ግን የትኛው ገዢ ያየዋል?

ስፌት ያለው ቧንቧ ሁሉ አደገኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ርካሽ ብስክሌት የሚሠራው በእሱ ነው። እርስዎ ግን 0.9ን የመረጡት ክሮሞሊ ነው ብለው ነው። ተራ ለስላሳ ብረት በዚያ ውፍረት ያን ያህል ጭነት አይችልም።

ወደ ነጋዴው እንመለስ። አንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድደዋል። በአንቀጽ 2289 ደግሞ ዕቃው በውሉ ለታሰበለት ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው እንደ ጉድለት ይቆጠራል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማኅተም ሐሳቡን የቀየረ ገዢን ይመልስ ይሆናል። ሌላ ዕቃ ያስረከበን ሻጭ ግን ያድነዋል ብዬ አላምንም፤ ከስምምነቱ በኋላ በተሰጠ ወረቀት ላይ የታተመ ነገር የውሉ አካል ነው ማለትም ያስቸግራል። ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሊጠቀምበት አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በጊዜ ነው። ገዢ ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው መመርመር አለበት (አንቀጽ 2291)፤ ጉድለቱን ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት (2292)። የውል ክስ 10 ዓመት ይቆያል የሚለው የአንቀጽ 1845 ደንብ እዚህ አያገለግልም። በአንቀጽ 2298 መሠረት ማስታወቂያ ከሰጡበት ቀን ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ ካልከሰሱ መብትዎን ያጣሉ። ስለዚህ በቃል የተነጋገራችሁት አይበቃም፤ ዛሬ ደብዳቤ ይጻፉ። የቧንቧውን ቁጥርና መጠን፣ ስፌት መገኘቱን፣ የቱ ቧንቧ እንዴት እንደተሰነጠቀ ይግለጹ፤ መጥቶ እንዲያይ ወይም ወኪል እንዲልክ ይጋብዙት። ቅጂው ላይ ያስፈርሙት፤ አልፈርምም ካለ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡት።

«አጎባበጡን አበላሽተኸው ነው» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ የተሰነጠቀው ቁራጭ ራሱ ይመሰክራል። አጎባበጡ ጠቦ ወይም ውስጡ ደረቅ አሸዋ ሳይጠቀጠቅ ታጥፎ ከሆነ ቧንቧው በውስጠኛው ጎን ይሸበሸባል፣ ይጨፈለቃል። ስፌቱ ለቆ ከሆነ ግን ስንጥቁ ስፌቱን ተከትሎ በቁመቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጫፉን በግራይንደር አይንኩት፤ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ያንሱት። ያልተቆረጡትን 7ቱንም ቁጥር ለጥፈው ያስቀምጡ።

ውፍረቱን በሚዛን ያረጋግጡ። ከውጭ ዲያሜትሩ ላይ ውፍረቱን ቀንሰው፣ ቀሪውን በውፍረቱ፣ ከዚያ በ0.02466 ሲያባዙት የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 31.8ው በ0.9 ውፍረት 6 ሜትሩ 4.1 ኪሎ ገደማ ነው፤ 5.4 ከመዘነ ውፍረቱ 1.2 ነው። ሚዛን ግን የብረቱን ዓይነት አይናገርም። 4130 የሚባለው የክሮሞሊ ዓይነት ከ0.80 እስከ 1.10 በመቶ ክሮሚየም፣ ከ0.15 እስከ 0.25 በመቶ ሞሊብዲነም ሊኖረው ይገባል፤ ይህን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ክርክር ከተነሣ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲያዝ ይጠይቁ።

ምን ይጠይቁ? 7ቱ በትክክለኛው ዕቃ እንዲተኩ ወይም ውሉ ተሰርዞ ዋጋው እንዲመለስ፤ ለተቆረጡት 5ቱ ደግሞ ኪሳራ። የብየዳው፣ የቀለሙና የተመለሱት ፍሬሞች ወጪ ከተራ ኪሳራ በላይ ነው። በአንቀጽ 1801 ይህን የሚያገኙት ልዩ ሁኔታውን ውሉ ሲደረግ ለሻጩ አስታውቀው ከሆነ ነው። የቴሌግራሙ መልእክት ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ስልክዎን ሳይቀይሩ፣ ምንም ሳይሰርዙ ይያዙት። ከስፌት መገኘት በኋላ በዚሁ ቧንቧ ፍሬም መሥራትዎን ከቀጠሉ ግን አንቀጽ 1802 ይቃወምዎታል፤ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለብዎት።

ወደ ሸማቾች ጥበቃ አይሂዱ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛን ሰው እንጂ ለማምረቻ የሚገዛን አይደለም። ነጋዴው በደብዳቤው ላይ በሚያስቀምጡት ቀን፣ ለምሳሌ በ15 ቀን፣ ካልመለሰ ደረሰኙን፣ የመልእክቱን ህትመት፣ የተፈረመውን ቅጂና ፎቶዎቹን አያይዘው ድሬዳዋ ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክስ ይመሥርቱ።

ለሚቀጥለው ግዢ ትእዛዙ ላይ ይህን ያስፍሩና ያስፈርሙ፦ «ስፌት የሌለው 4130 ክሮሞሊ ቧንቧ፣ የውጭ ዲያሜትር 31.8፣ ውፍረት 0.9 ሚሊ ሜትር፣ ለብስክሌት ፍሬም መሥሪያ፤ ከፋብሪካው የፍተሻ ሰርተፍኬት ጋር»። ሲረከቡም ከየመጠኑ አንዱን ይመዝኑ፣ ጫፉን በሞረድ አጽድተው በባትሪ ውስጡን ይዩ። ስፌቱ ከውስጥ ተልጎ ሊጠፋ ስለሚችል አለመታየቱ ብቻውን አያሳምንዎት፤ አንዷን ቁራጭ ሞርሳ ላይ አስረው እስክትጨፈለቅ ይፈትኗት፣ ከዚያ ቀሪውን ይቁረጡ።