ጥያቄና መልስ፦ ለወረርሽኝና ለመሬት መንቀጥቀጥ የጎንደር ነጋዴ ምን ያሰናዳ?

ጥያቄ፦ የሚናወጠው አፋር ነው፤ ጎንደርን ምን አገባት?

መልስ፦ ጎንደር ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስላልሆነች ስጋቷ ከአፋር ያነሰ ነው። ግን የለም ማለት አይደለም፤ የቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል። በምን ልሰረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዕቃውን አዙር፤ የቀለም ባልዲና የሚስማር ካርቶን ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ። ቀጥሎ የመደርደሪያውን አናት በሁለቱም ጫፍ በማዕዘን ብረት ከግድግዳው ጋር እሰር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ (ብሎኑን ቀዳዳው ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ሲወዛወዝ ዙሪያውን ሰብሮ ይወጣል። ስለዚህ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ወይም ቢሙ (አግዳሚው ኮንክሪት) ላይ፣ በ10 ሚሊ ፊሸር እሰረው። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ልስኑ ምንም አይዝም፤ በመዶሻ እጀታ እያንኳኳህ ቋሚውን እንጨት ፈልግና ብሎኑን እዚያ አስገባ። በመጨረሻ በየመደርደሪያው ፊት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ ምታበት፤ ቆርቆሮና ጠርሙስ እንዳይንሸራተት።

ጥያቄ፦ መሬቱ ሲናወጥ ልሩጥ ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ ኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ከሆኑ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተው እግሩን አጥብቀው ይያዙ፤ ደረጃ ላይ አይሩጡ። ድንጋይና ጭቃ ቤት ግን ግድግዳው ራሱ ስለሚናድ በር አጠገብ ከሆኑና ደጁ ገላጣ ከሆነ ይውጡ። ሲያበቃ የጋዝ ሲሊንደሩን ይዝጉ፤ ሽታ ካለ ክብሪትም ማብሪያ ማጥፊያም አይንኩ።

ጥያቄ፦ በወረርሽኝ ጊዜ በረኪና በምን ያህል ውሃ ይበጠበጣል?

መልስ፦ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ከተጻፈ፣ ለ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር። ጠረጴዛውን በሳሙና አጥባችሁ፣ አለቅልቃችሁ ከዚያ ቀቡት፤ 10 ደቂቃ ይቆይ። ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉ እዚያው ያልቃል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለእጅ ሳሙና ይበቃል።

ጥያቄ፦ አዘዞ ዳቦ ቤት አለኝ፤ ስድስት ሠራተኞች ናቸው። ዋናው ጋጋሪ ቢታመምስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስት ሦስት አድርገሽ በሁለት ፈረቃ ክፈያቸው፤ ፈረቃዎቹ አይገናኙ፣ በመካከል 30 ደቂቃ መስኮቱ ተከፍቶ ቤቱ ባዶ ይሁን። ጋጋሪውና ረዳቱ አንድ ፈረቃ ላይ አይሁኑ። ለ50 ኪሎ ዱቄት ስንት ሊትር ውሃ፣ ስንት ግራም እርሾና ጨው እንደሚገባ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ልኩ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ እሱ ሲተኛ ምድጃውም ይተኛል። ከሁሉ በላይ የታመመ ሰው ደመወዝ አይቆረጥ። የሚቆረጥበት ከሆነ ትኩሳቱን ደብቆ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ስድስቱም ይተኛሉ።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ክፍል አስይዘው ቀብድ የከፈሉ እንግዶች አሉን። ከተማው ቢዘጋስ?

መልስ፦ መጋቢት 2012 ላይ ኮቪድ ሲገባ መንገደኛ ወዲያው ነው የቀረው። ደረሰኙ ላይ «በመንግሥት ክልከላ ከቀረ ቀብዱ ለሌላ ቀን ይዛወራል ወይም ይመለሳል» ብላችሁ ጻፉ። እንግዳው እስኪያድር ድረስ ቀብዱን አትንኩት።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስ ይሸፍናል?

መልስ፦ የእሳት አደጋ ውል ብቻውን ብዙ ጊዜ መንቀጥቀጥን አይጨምርም፤ በተጨማሪ ዓረቦን እንዲካተት ጠይቁ። የዕቃውን ዝርዝርና ፎቶ በየሦስት ወሩ አድሱ፤ አንዱ ቅጂ ከሱቁ ውጭ፣ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።