አይታችኋል ወይስ ሰምታችኋል? ኪርጊዝኛ ለሚማሩ ወጣቶች ስለ ኃላፊ ጊዜ ግሦች

ውድ ወጣቶች፣

ኪርጊዝኛ መማር የጀመራችሁ ልጆች አዘውትራችሁ የምታነሡት ጥያቄ፣ «ሄድኩ» ለማለት ለምን ይህን ያህል ብዙ መንገድ አለ የሚል ነው። እኔ የቋንቋ መምህር አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሙያዬን የተማርኩት በሶቪየት ዘመን፣ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ፍሩንዜ ትባል በነበረችውና ዛሬ ቢሽኬክ በምትባለው ከተማ ነው። ትምህርቱ በሩሲያኛ ይሰጥ ስለነበር ኪርጊዝኛን ያገኘሁት ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ጃይሎ በሚሉት የተራራ ላይ የበጋ ግጦሽ ከእረኞች ነው። ስለዚህ ምሳሌዎቼ በግ በግ ቢሸቱ አትፍረዱብኝ።

ጀማሪ መጀመሪያ ሊይዘው የሚገባው ያለቀንና በዓይን የታየን ነገር የሚነግረውን ቅርጽ ነው። ቅጥያው አንድ ሆኖ እንደ ግሡ አናባቢ ይለዋወጣል፦ ከባር «ባርድም» (ሄድኩ)፣ ከኬል «ኬልዲም» (መጣሁ)፣ ከቦል «ቦልዱም» (ሆንኩ)፣ ከኮር «ኮርዱም» (አየሁ)። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በፊደላችን ሲጻፉ ይመሳሰሉ እንጂ በኪርጊዝ አፍ የተለያዩ ናቸው፤ የ«ኮር» አናባቢ ከንፈር ለ«ኦ» ክብ ሆኖ ምላስ ለ«ኤ» ወደ ፊት ሲመጣ የሚወጣ ድምፅ ነው፣ ተከታዩ «ዱ»ም ከንፈሩ የ«ኡ»፣ ምላሱ የ«ኢ» ነው። ኪርጊዞች ከሩሲያኛው 33 ፊደላት ላይ 3 ጨምረው በ36 ፊደላት የሚጽፉ ሲሆን፣ ከተጨመሩት ሁለቱ ለእነዚህ ለሁለቱ ድምፆች የቆሙ ናቸው። በአንጻሩ በ«ባርድም» ውስጥ ያለው የ«ድ» አናባቢ ለእኛ ሳድስ በጣም የቀረበ ነው፤ ሌላው የውጭ አገር ተማሪ ሲታገልበት እናንተ ከእናታችሁ ቤት ይዛችሁት መጥታችኋል። ግሡ እንደ «ክ» ባለ ድምፅ ካለቀ «ድ» ወደ «ት» ይለወጣል፤ «ኡክቱም» (ሰማሁ) እንደሚባለው። ይህ በአንድ ሳምንት ጆሮ ስለሚለምደው ብዙ አልቆይበትም።

ይልቅ ለአማርኛ ተናጋሪ የተዘረጋ አንድ ወጥመድ አለ። «ባርድክ» የሚለውን ስትሰሙ ጆሯችሁ «ሄድክ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ ግን «ሄድን» ነው። በዚህ ቅርጽ መጨረሻ ላይ ያለችው «ክ» የእኛነት ምልክት ናት። ሦስተኛው መደብ ደግሞ ጾታ አያውቅም፤ «ሄደ»ም «ሄደች»ም አንድ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኪርጊዝኛ ኃላፊ ጊዜን ስትናገሩ «መቼ ሆነ?» ከማለቱ በፊት «አንተ በምን አወቅህ?» ይላችኋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የሶንኮል መስክ ላይ አንድ እረኛ መጥቶ «ኮይ ኦልዱ» ቢላችሁ በጉ የሞተው እርሱ እያየው ነው፤ «ኮይ ኦሉፕቱር» ቢላችሁ ግን ሞቶ አግኝቶታል ወይም ሌላ ሰው ነግሮታል። ለሐኪም ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ለመጀመሪያው እረኛ በጉ ተንፈራግጦ እንደሆነ፣ ሆዱ የተነፋው ከመሞቱ በፊት ስለመሆኑ፣ አረፋ ደፍቆ እንደነበር ትጠይቁታላችሁ። ሁለተኛውን ይህን ሁሉ ብትጠይቁት ግምት ነው የሚሰጣችሁ፤ የሞተ በግ ሆድ በፀሐይ ውስጥ ሲያድር ከሞት በኋላም ይነፋልና፣ ቢላዋችሁን ይዛችሁ ወደ ሬሳው መሄድ ይሻላችኋል። በሩሲያኛ ይህንን ለማወቅ ሌላ ጥያቄ መጨመር ያስፈልግ ነበር፤ በኪርጊዝኛ እረኛው ሳይጠየቅ በግሡ መጨረሻ ላይ ነግሮናል።

ተረታቸውም በዚሁ ቅርጽ የሚነገረው ስለዚህ ነው፦ «ኢልጌሪ ኢልጌሪ ቢር ቻል ሜኔን ኬምፒር ቦሉፕቱር»፤ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ነበሩ። ተራኪው በቦታው አልነበረምና በ«ቦልዱ» ሊምል አይችልም። ሰው ስለ ራሱም በዚህ ቅርጽ ሊናገር ይችላል፤ «ኡክታፕ ካልፕትርምን» ማለት በአማርኛ «ለካ እንቅልፍ ወስዶኛል» ማለት ነው። የእኛ «ለካ» የምትሠራውን ሥራ በሙሉ እነርሱ ለቅጥያው ሰጥተውታል።

ሦስተኛው ቅርጽ የሕይወት ልምድንና የታወቀ እውነትን ይናገራል፤ «ኦሽኮ ባርጋንምን» ሲባል ኦሽ ከተማ ሄጄ አውቃለሁ ለማለት ነው፣ ቀኑ አያስፈልግም። የእኛ «ሄዷል» አንዳንዴ ወደዚህ፣ አንዳንዴ ወደ «ባርፕትር» ስለሚያደላ ቃል በቃል ከመመለስ ተቆጠቡ፤ ዐውዱን ተመልከቱ። አራተኛው ቀላል ነው፤ «ባርቹሙን» ከ«እሄድ ነበር» ጋር ልክ ይገጥማል፣ የቀረ ልማድን ይናገራል።

በእንግሊዝኛ በተጻፉ ማስተማሪያዎች የምትማሩ ከሆነ ግን አንድ ነገር እመክራችኋለሁ፤ ምሳሌዎቹን ወደ እንግሊዝኛ ሳይሆን ወደ አማርኛ መልሷቸው። «ባርፕ ኬልዲም» የሚለውን እንግሊዝኛ ሲያብራራ ገጽ ይፈጃል፤ እኛ «ሄጄ መጣሁ» ብለን እናልፋለን። ቦዝ አንቀጹ ቀድሞ፣ ጊዜውን የሚሸከመው ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ልዩነቱ የእኛ «ሄጄ»፣ «ሄደህ»፣ «ሄዳ» እያለ ከባለቤቱ ጋር ሲለዋወጥ የእነርሱ «ባርፕ» ለሁሉም ያው መሆኑ ነው። አሉታውም ቢሆን ከእኛ ይቀላል። እኛ «አልሄድኩም» ስንል ግሡን ከፊትም ከኋላም እናስረዋለን፤ እነርሱ ከግሡ ቀጥሎ አንዲት ቅጥያ አስገብተው «ባርባድም» ይላሉ።

ሰንጠረዥ መሸምደድ አልከለክላችሁም፣ ብዙ ግን አልተማመንበትም። ማታ ማታ የዋላችሁበትን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ያያችሁትን በ«ድ»፣ የሰማችሁትን በ«ፕትር»። ከሰው የሰማችሁትን ወሬ በ«ድ» ብትጽፉት ኪርጊዙ ጓደኛችሁ «አንተ እዚያ ነበርክ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ከዚህ የተሻለ አራሚ የለም። «ሄጄ ነበር» የሚለውን አቻ «ባርጋን ኤሌም»ን ለኋላ አቆዩት።

ከትልቅ ሰው ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ እንደ እኛው «እርስዎ» የሚሆነውን ቅርጽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ተጠቀሙ። ከመንገድ የተመለሰን ሽማግሌ «ኬልዲንጊዝቢ?» (መጡ?) በሉት እንጂ ለእኩያ የሚባለውን አትበሉት፤ መሐል ላይ ያለውን «ንግ» በአፍንጫ ብቻ አውጡት፣ «ግ»ን አትጫኑት።