ኤን1ንና ሬምን ለመለየት፣ የበዛ ኤን3ንም ለማጣራት

ጥያቄሽ፦ «የታካሚን የእንቅልፍ ደረጃዎች ከሌሊት ቀረጻ ስመድብ፣ ኤን1ንና (የመጀመሪያውን ቀላል እንቅልፍ) ሬምን (ሕልም የሚበዛበትን እንቅልፍ) በአንጎል ሞገድ መለየት አቃተኝ፤ ኤን3 (ጥልቁ እንቅልፍ) ደግሞ ከልክ በላይ ይበዛብኛል።»

እህቴ፣ ኤን1ና ሬም በኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ) መስመር ብቻ ሲታዩ በእርግጥም ይመሳሰላሉ። ሞገዳቸው ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ቅልቅልና አብዛኛው በሰከንድ ከ4 እስከ 7 ዑደት ያለው ቴታ ነው። ስለዚህ ወደ ዓይንና ወደ አገጭ መስመሮች ውረጂ። ኤን1 ላይ ዓይን ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል፤ የአገጭ ጡንቻ ውጥረትም አብዛኛውን ጊዜ አለ። ሬም ላይ ግን ዓይን በድንገት ይወረወራል፣ የአገጩ መስመር ከሌሊቱ ሁሉ ዝቅተኛው ይሆናል። ቅልቅሉ ሞገድ፣ የዓይን ውርወራውና የአገጩ መላላት በአንድ የ30 ሰከንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ያለ ስጋት ሬም ብለሽ ጻፊ። የመጋዝ ጥርስ የሚመስሉት ሞገዶች ድጋፍ ናቸው እንጂ የግድ አያስፈልጉም።

ኤን2 (ከኤን1 ቀጥሎ ያለው ደረጃ) ብዙ አያስቸግርም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ የሚቆይ፣ ከ11 እስከ 16 ኸርዝ (በሰከንድ ዑደት) የሆነ ስፒንድል (አጭር የፈጣን ሞገድ ጥቅል) ወይም ኬ-ኮምፕሌክስ (ትልቅ፣ ሹል ነጠላ ሞገድ) ፈልጊ።

ዋናው ችግርሽ ኤን3 ላይ ያለ ይመስለኛል። የእንቅልፍ ደረጃ መመደቢያው ደንብ ከ0.5 እስከ 2 ኸርዝ የሆነና ከ75 ማይክሮቮልት በላይ የሚደርስ ሞገድ ከገጹ ቢያንስ 20 በመቶ፣ ማለትም 6 ሰከንድ እንዲይዝ ይጠይቃል። ቁመቱን የምትለኪው ከግንባር በኩል ባሉት ኤሌክትሮዶች ነው። (የድሮ መጻሕፍት 3ኛና 4ኛ ደረጃ የሚሉት በ2007 እ.ኤ.አ. ኤን3 ተብሎ ተጠቃሏል።) የታካሚው የቆዳ ላብ ይህን ሞገድ አስመስሎ ይሠራል። የላቡ ሞገድ ይበልጥ ዘገምተኛ ነው፤ መስመሩን ወደ ላይና ወደ ታች ያንሳፍፈዋል፤ ብዙ ጊዜም ታካሚው በተኛበት ጎን ባሉት ኤሌክትሮዶች ላይ ይብሳል። ክፍሉን አቀዝቅዢ፣ ብርድ ልብሱን ቀንሺ፣ የላላውን ኤሌክትሮድ ጠርገሽ መልሰሽ ለጥፊ። መስመሩ እንዲያምር ብለሽ የታችኛውን ፊልተር (ዘገምተኛ ሞገድን የሚያጣራውን) ከ0.3 ወደ 1 ኸርዝ ከፍ አታድርጊ፤ እውነተኛውንም ዘገምተኛ ሞገድ ያሳንስብሻል፣ ያኔ ደግሞ ኤን3 ያንስብሻል።

ታካሚው ጸጉሩን ታጥቦ፣ ቅቤም ሆነ ቅባት ሳይቀባ እንዲመጣ አስቀድመሽ ንገሪው። ቅባት ባለበት ቆዳ ላይ ኢምፒዳንሱን (በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መቋቋም) ከ5 ኪሎ ኦም በታች ማውረድ ይከብዳል።

በመጨረሻ የሌሊቱን ቅርጽ ተመልከቺ። ኤን3 የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ፣ ሬም ደግሞ ወደ ንጋት ነው። ንጋት ላይ ኤን3 ተከምሮ ካገኘሽው፣ ውጤቱን ከመላክሽ በፊት እነዚያን ገጾች ለላብ ፈትሺያቸው።